እህት ወንድም የሌለው ብቻ

ደግሞ ተኚ ትለኛለች! ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ያደርኩ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተላለፍበት ክፍል፣ ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ የማላውቀው ሰው ደም ጠብ ጠብ እያለ በክንዴ ሲገባ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው? ነርሷ ደግ ናት፣ ደግነቷን አልክድም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስባልኛለች፤ ግን «ትንሽ ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ፣ ከረጢቱ እስኪያልቅ ጊዜ አለሽ» ስትለኝ፣ ወይ ጊዜ! አልኩ በሆዴ። ጊዜ ቢኖረኝማ እዚህ ምን እሠራለሁ። ይህ ከረጢት ሲያልቅ የመድኃኒት ሙከራው አስተባባሪ ከላይ ፎቅ ትወርዳለች፣ አስተርጓሚውን በስልክ ታገናኛለች፣ ከዚያ አገር ቤት እትዬ ጋ ይደወላል፣ እትዬ አንድ ቃል ትናገራለች፤ በዚያች ቃል ወይ አዲሱ መድኃኒት የሚሞከርባቸው ሰዎች ውስጥ እገባለሁ፣ ወይ እንዲሁ የሰው ደም እየለመንኩ እስክጨርስ ድረስ እቀመጣለሁ። የቀረው ቦታ አንድ ነው፣ ነገ ይዘጋል። የምትናገረው ቃል ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እህቴ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ፣ «እህቴ አይደለችም» እንድትል ነው። ካላለች አይቀበሉኝም። አይ የሰው ልጅ፣ ስንት ጉድ ያወጣል!

የጀመረው በመርፌ ነው። እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ፤ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የሰው ወገብ አሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ሥር ባለች፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስታወቷ በሚንቀጠቀጥ ጠባብ ሱቅ ውስጥ። ልብስ ሰፊ ሆኖ መርፌ ያልወጋው የለም፤ ጣትን መጠጥ አድርጎ መቀጠል ነው። ያን ቀን ግን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየቀመቀምኩ ወጋችኝና ደሙ አልቆም አለ። መጠጥኩት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ጨርቁ ራሰ፣ ሌላ ጨርቅ አመጣሁ፣ ባለ ሱቁ ቀሚሱን ከእጄ ነጥቆ «ነጭ ላይ! ነጭ ላይ!» እያለ ይጮኻል። ለቀሚሱ አለቀሰለት ማለት ይቻላል፤ ለኔ ጣት ግን አንዲት ፕላስተር እንኳ አልፈለገልኝም። ለካስ ስንት ቀን ሰውነቴ ሲነግረኝ ኖሯል፤ ማንም ሳይነካኝ ክንዴ ይበልዛል፣ ጭኔ ይበልዛል፣ የሱቁን ደረጃ ስወጣ ልቤ በጆሮዬ ልትወጣ ትደርሳለች፤ እኔ ደግሞ ሥራ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ አልፈዋለሁ። እዚህ ሲያመጡኝ ከዳሌ አጥንቴ በወፍራም መርፌ መቅኔዬን ቀድተው አዩና ሐኪሙ «ባዶ ነው» አለኝ። ባዶ ነው! እንደ ባዶ ጠርሙስ። ደም የሚሠራው መቅኔ ነው፣ ያንቺ መቅኔ መሥራት አቁሟል አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «አይታወቅም፣ ሰውነትሽ ራሱን እየተዋጋ ይመስላል።» ከባለ ሱቁ ጋር መዋጋት ሲገባኝ ከራሴ ጋር ተዋጋሁ ማለት ነው፣ ደግ አደረግሁ።

ከዚያ የፈረስ መድኃኒት ሰጡኝ። እየቀለድኩ አይደለም፣ ከፈረስ ደም የሚሠራ ነው፣ በሥሬ እየገባ አንቀጠቀጠኝ፣ አተኮሰኝ፣ ፊቴን አሳበጠኝ፤ ከዚያ ጠብቂ አሉኝ፣ ጠበቅሁ፣ ክረምት መጣ ክረምት ሄደ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ «አልሠራም» አለኝ። ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር! ዛሬ ይዘንባል እንደሚል ሰው። «አሁንስ?» አልኩት። «ደም እንሰጥሻለን፣ እንከታተልሻለን።» እንከታተልሻለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፣ እኔ ወደምሄድበት እነሱ በዓይን ይሸኙኛል ማለት ነው። ለእትዬ ምን አልኳት? «ትንሽ ደም ማነስ ነው፣ ኪኒን ሰጥተውኛል።» እኛ ቤት በስልክ የሚታመም ሰው የለም። እትዬ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሳትነግረኝ ሁለት ዓመት ሆኗት ነው ከሰው የሰማሁት፤ አጎታችን ሲሞት እንኳ «ትንሽ አሞታል» እየተባልኩ ነው ተዝካሩ የወጣው። ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» እላለሁ፣ «እኔማ ምን እሆናለሁ» ትላለች፣ ሁለታችንም እንዋሻለን፣ ሁለታችንም እናውቃለን፣ «ድንቡሼ፣ ብዪ፣ አትክሺ» ብላ ትዘጋለች። በልጅነቴ ወፍራም ነበርኩ፣ ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ፤ አሁን ብታየኝ ስሙን ራሷ ታነሳልኝ ነበር።

ስለ ሙከራው የነገረኝ ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ የሚበላበት ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም! የነገረኝ ከጎኔ ወንበር ላይ ደም የሚወስደው ሽማግሌ ነው፣ ጡረተኛ አውቶብስ ነጂ፣ ጆሮው ላይ ፀጉር የበቀለበት፣ ነርሶቹን ሁሉ የሚያስቀይም። «ሐኪምሽ ስለ ሙከራ አልነገረሽም?» አለኝ። «የምን ሙከራ? እኔ አይጥ ነኝ?» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ፣ «እኔም አይጥ ነኝ፣ ግን የምትተነፍስ አይጥ» አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ፤ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈቃደኛ በሽተኛ ላይ እንደሚሞከር፣ ከሌላው በሽተኛ ይበልጥ እንደሚከታተሉት፣ ባስጠላው ቀን ትቼ ወጣሁ ማለት እንደሚችል፣ ደግሞም ሙከራው ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ ማን እንደሚገባ ማን እንደማይገባ ስልኩ ሳይቀር የተጻፈበት ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ። «ፈልጊ፣ ካልፈለግሽ ማንም አይፈልግልሽም» አለኝ። እሱ አሁን የለም፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ መድኃኒቱ ተስማምቶት ደም መውሰድ አቁሟል ይላሉ፤ እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው፣ አፈኛ ሽማግሌ!

እኔም ፈለግሁ። በምሳ ሰዓት፣ ስፌት መኪናዬ መብራት ሥር፣ በሽታዬን በፊደሉ እየጻፍኩ። ወይ ጉድ፣ ስንት ዓይነት አለ! ግን አንዱ ተዘግቷል፣ አንዱ ገና አልተከፈተም፣ አንዱ ለሕፃናት ብቻ ነው፣ አንዱ ሌላ አህጉር ነው። ክፍት የሆነው ደግሞ ሁኔታውን ብትሰሙት! ኩላሊቱ ያልተነካ፣ ጉበቱ ያልተነካ፣ ልቡ ደህና የሆነ፣ ኢንፌክሽን የሌለበት፣ ሌላ መድኃኒት ካቆመ ይህን ያህል የቆየ። ጤነኛ የሆነ በሽተኛ ነው የሚፈልጉት! ጻፍኩላቸው፣ በዚያ በተሰባበረው ጽሑፌ፤ አንዷ «ከምትኖሪበት ሩቅ ነንና አይሆንም» አለች፣ አንዱ «የደም ውጤትሽን ላኪ» ብሎ ብልክለት እስከ ዛሬ ጠፍቷል፣ የሌሎቹን ነገር ተዉት። አንድ ቀን አንዱን ከፍቼ ሳነብ፣ የፈረሱ መድኃኒት ላልሠራለት ሰው ይላል፣ ዕድሜዬ ይገባል፣ ኩላሊቴ ይገባል፣ አድራሻውን ሳየው የማውቀው መሰለኝ። ደግሜ አየሁት። ይኸው ሆስፒታል ነው። ይኸው ሕንፃ! ደም ከምወስድበት ክፍል ሁለት ፎቅ ወደ ላይ! ክረምቱን ሙሉ እኔ እዚህ ስንጠለጠል መድኃኒቱ ከራሴ በላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሐኪሙ ጋ ገባሁ፣ ሳላንኳኳ፣ «ምነው?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ ሌላ ክፍል ነው።» «አሳንሰር የላችሁም?» አልኩት። ፊቱ ቀላ፣ ብዕሩን ፈለገ፣ ለማንኛውም ያን ቀን መሸኛ ጻፈልኝ።

አስተባባሪዋ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ከፊቷ አይወርድም፣ ሲከፋትም ፈገግ እንዳለች ይመስለኛል። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም በደንብ ያስረዳችኝ እሷ ናት። መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል አለች፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል አለች፣ አልፈልግም ካልሽ ማንም አይቆጣሽም አለች። በራስሽ ቋንቋ ካልሆነ አይሆንም ብላ አስተርጓሚ በስልክ አመጣች፤ በነሱ ቋንቋ ከሰው ጋር ስጣላ ስከርም፣ ከባለ ሱቁ ጋር በየቀኑ ስሟገት ማንም አስተርጓሚ አምጥቶልኝ አያውቅም፣ እሺ ይሁን አልኩ። ሁሉን ነገር ጠየቀችኝ፣ መለስኩ፣ ሁሉም ላይ «በጣም ጥሩ» አለች። ከዚያ «እህት ወንድም አለሽ?» አለችኝ። እኔም ምን ገዶኝ፣ በኩራት፣ «አንድ እህት አለችኝ፣ ታላቄ!» አልኳት። በቃ፣ ያኔ እጇ ቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው አለች፤ የእናትም የአባትም ልጅ የሆነ እህት ወይም ወንድም መቅኔው ከበሽተኛው ጋር ሊገጥም ይችላል፣ ከገጠመ መቅኔውን መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው፣ ስለዚህ ይህ ሙከራ እንዲህ ያለ ዘመድ ለሌላቸው ብቻ ነው። ሕጉን ስሰማው ክፉ አይደለም፤ የሚያውቁት መንገድ እያለ በማያውቁት አንውሰዳቸው ነው የሚሉት። ግን እኔ ምን ላድርግ? እህት አለሽ ወይ ተብዬ በሕይወቴ ሙሉ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ነገሩማ፣ እትዬ በደም አትዛመደኝም። ይኸው አልኩት። የወለደችኝ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የነበረች ሴት ናት፣ በወሊድ ሞተች፣ አባት ነኝ ብሎ የመጣ የለም፣ እማዬ፣ የእትዬ እናት፣ ከነጨቅላነቴ አንስታ ወደ ትልቁ ቤት አስገባችኝ፣ ለእትዬ አሳቀፈችኝና «እህትሽ ናት» አለቻት፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በቤታችን ያነሳ የለም። እኔ የሰማሁት ቦኖ ውሃ ላይ ነው፣ ወረፋ ስንጣላ አንዲት ሴት «ማን ጥሏት እንደሄደ የማይታወቅ» አለችኝ፤ እትዬ ባዶ ጀሪካኗን አነሳችና የሴትዮዋን አናት በጀሪካን አለቻት። ሰው ገላገለን፣ እቤት ስንገባ እማዬ እትዬን ልትገርፍ ተነሳች፣ ምክንያቱን ስትሰማ አርጩሜውን ጣለችው። ለኔ ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አልጠየቅሁም፣ እትዬ ፀጉሬን ሹሩባ እየሠራችኝ አመሸን። ሥጋ መርፌ ነው ይላሉ፣ ይወጋል ይላሉ፤ እኔን ከእትዬ በላይ የወጋኝ ሥጋ የለም። እማዬ ልትሞት ስትል እትዬን ጠርታ «ይህችን ልጅ የኛ አይደለችም ካልሽ አጥንቴ ይፋረድሽ» ብላታለች፣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። እና ይህን ሁሉ ለዚያች ለባለ ፈገግታዋ ልንገራት? ነገርኳት። ተንተባተብኩ ግን ነገርኳት፣ በደም አንገናኝም አልኳት። ምን አለችኝ? «ቅድም እህት አለችኝ ብለሽ ነበር፣ ሰዎች ለመግባት ሲሉ መልስ ይቀይራሉ፣ ከሷ ከራሷ መስማት አለብን።» ዋሾ አደረገችኝ! እኔን! ደግሞ በፈገግታ!

ይህም ሲገርመኝ፣ ለአስቸኳይ ጊዜ ብለው በተቀበሉኝ ስልክ ቁጥር ሳይነግሩኝ ደወሉላት። ሳይነግሩኝ! እትዬ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ እጇ ሊጥ ነው፣ ስልኩን በክርኗ ነው ያነሳችው፣ የማታውቀው ሰው በጨዋ አፍ «ከሆስፒታል ነው፣ ስለ እህትዎ የአጥንት መቅኔ ሕመም ነው፣ የደም ዝምድናችሁን ለማረጋገጥ ነው» ይላታል። ትንሽ ደም ማነስ ያልኳትን ሴት! መጀመሪያ ሞታለች ሊለኝ ነው ብላ ነበር፣ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት አሉ። ከዚያ ነፍሷ ሲመለስላት «አንድ እናት! አንድ አባት!» አለቻቸው፤ «ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው! መቅኔ ነው የምትፈልጉት? ኑና ቅዱ! ዛሬውኑ ቅዱ! ማነው አይደለችም ያላችሁ፣ ስሙን ንገሩኝ!» አይ እትዬ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ልታድነኝ ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በማግስቱ አስተባባሪዋ «እህትሽ አረጋግጣለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሷ ትመርመር» አለችኝ። እንዴት ትመርመር? ናሙና ከዚያ የሚያመጡበት መንገድ የላቸውም፣ እሷ እንዳትመጣ ቪዛ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ያ ሁሉ አልፎ ውጤቱ አይገጥምም ነው የሚሆነው፣ እስከዚያ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለመንኳት። እኔ፣ ሰው የማልለምነው! አንድ ዕድል ሰጠችኝ፣ «አንዴ ደግመን እንደውላለን፣ ይቀዳል፣ የዚያን ጊዜ የምትለው የመጨረሻ ነው።»

ትናንት እትዬ ጋ ደወልኩ። ሰላም ሳልላት አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ «ደም ማነስ! ደም ማነስ አልሺኝ! ከባዳ አፍ ልስማው?» አለችኝ። «አንቺስ ጉልበትሽ?» አልኳት። «ጉልበትና መቅኔ አንድ ነው?» ልክ ናት። ከዚያ እንደምንም ብዬ ነገርኳት፣ ሲደውሉ እንደዚያ አትበዪ፣ እውነቱን በዪ አልኳት። «የምን እውነት?» «እትዬ፣ ታውቂያለሽ።» «እኔ የማውቀው አንድ እህት እንዳለችኝ ነው።» «መቅኔሽ አይገጥመኝም፣ በደም አንገናኝም፣ እህቷ ነኝ ካልሽ አይቀበሉኝም» አልኳት፣ ይኸው ያልተባለው ነገር በመጨረሻ በኔ አፍ፣ በስልክ ወጣ። ድንገት ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቦኖው ጋ ቆሜያለሁ፣ ጀሪካኗን እስክታነሳ እጠብቃለሁ፣ አሁን ግን የምትመታው እኔን ነው። «ይሞክሩኝ» አለች፣ «ይመርምሩኝ፣ ምናልባት እግዜር ያገጥመው ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን በልተን አብረን ተኝተን እንዴት አይገጥምም?» «እትዬ በመኝታ አይደለም የሚገጥመው።» «የእማዬን አጥንት ነው እንዴ የምታስረግጪኝ?» አለችኝ፣ ዘጋችው። ብደውል አታነሳም፣ ብደውል አታነሳም። ዓይኔን ሳልከድን ያደርኩት ለዚህ ነው። እና በሷ አልፈርድም! የምፈርደው በነዚህ ነው፣ ሰውን ከመርዳታቸው በፊት ዘመዱን የሚያስክዱ፣ እዚያው በአንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖሩ የማይነጋገሩ። ባለ ሱቁን እንኳ «ጌታዬ»፣ አስተርጓሚውን መልኩን ሳላውቀው «ወንድሜ» እላለሁ፣ ማንም አልከለከለኝም፤ እትዬን እህቴ ስል ግን ወንጀል ሆነ!

ከረጢቱ አለቀ። ነርሷ መርፌውን ትነቅላለች፣ ጥጡን «አጥብቀሽ ያዢ» ትለኛለች፣ እይዛለሁ። አስተባባሪዋ መጣች፣ ወንበር ሳበች፣ ስልኩን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ጉልበቴ ላይ ባለው ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠችው። አስተርጓሚው ገባ፣ ያው የበፊቱ ጨዋ፤ በዚህ መስመር የሚነገረውን ሁሉ፣ የማንንም ቢሆን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሁለቱም ወገን እተረጉማለሁ አለ። ይጠራል። ይጠራል። አታነሳም አልኩ።

«አቤት» አለች እትዬ።

አስተርጓሚው ሰላምታ ሰጠ፣ ጥያቄውን አቀረበ፣ እርስዎና እዚህ ያሉት ታካሚ የደም ዝምድናችሁ ምንድን ነው አላት። ከኋላዋ የሊጥ ማቡኪያው ይጮኻል። ከዚያ እትዬ፣ ድምፅዋ የትምህርት ቤት ልጅ መስሎ፣ በቃሏ እንዳጠናች ሁሉ፣ «እናቴ ከጓሮው ክፍል ነው ያመጣቻት» አለች። «እናቷ ተከራያችን ነበረች፣ በወሊድ ሞተች። አባቷን አናውቅም። በደም አንገናኝም።» እኔ የጠየቅኳት ይህንኑ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የለመንኩት ይህንኑ ነው፣ ግን ስሰማው ያ ቦኖ ላይ የሰማሁት የሴትዮዋ ቃል ሆነብኝ፣ እንባዬ መጣ። አስተርጓሚው በነሱ ቋንቋ ለአስተባባሪዋ ነገራት። አስተባባሪዋ «በጣም ጥሩ» አለች፣ ጻፈች።

«ጨረስኩ?» አለች እትዬ። «ተቀበላችኋት?»

«እንደዚያ ይመስላል» አለ አስተርጓሚው።

«እንግዲያው አሁን ደግሞ የኔን ስማ፣ ወንድሜ። ያን ያልኩት እናንተ ስለጠየቃችሁ ነው። እሷ እህቴ ናት። እሱንም ጻፉት። እሱን ሳላስጽፍ ስልኩን አልዘጋም።»

እሱ መቼም የተባለውን ሁሉ ይተረጉማል፣ ያንንም ተረጎመ፣ «እህቴ ናት፣ እሱንም ጻፉት» ብሎ። የአስተባባሪዋ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቷ ወረደ። ብዕሯ ቆመ። ወደ እኔ ዞረች፣ «ይቅርታ፣ ይህ ይቀዳል፣ ሁለት መልስ ይዤ ልመዘግብሽ አልችልም» አለችኝ። «በደም አይደለችም ግን…» ስላት፣ «ግን የሚል ቦታ የለኝም። እህት ናት ወይስ አይደለችም? አንቺ ራስሽ ንገሪኝና ልጨርስ።» ልጩህባት? ብርድ ልብሱን ልወርውርና ልውጣ? ምላሴ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ አላምጬ ዋጥኩት። መኖር እፈልጋለሁ። ይኸው ነው፣ ምንም አላስውበውም፣ መኖር እፈልጋለሁ። እትዬ እንዳይገባት ብዬ በነሱ ቋንቋ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አይደለችም» አልኩ። «እህት የለኝም።»

አስተባባሪዋ ምልክቷን አደረገች። አስተርጓሚው ግን ሥራው ነው፣ ምን ያድርግ፣ ወደ እትዬ ዞሮ በኛው ቋንቋ፣ በዚያ ጥርት ባለ አፉ፣ «ታካሚዋ "አይደለችም፣ እህት የለኝም" ብለዋል» አላት።

የሊጥ ማቡኪያው ቆመ።

«ጎሽ» አለች እትዬ። «ጎሽ ድንቡሼ። ሁለተኛ ግን እንዳልሰማሽ።»